ዘንጉ ቢረክስም ክሩ አይርከስ

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ልጄ ከሚኒሶታ በቪዲዮ ደወለና እንደ ወትሮው መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁን አነጋገረ። የሁለቱ ንግግር ሁልጊዜ አጭር ነው። «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደኅና።» «አያትህን ታግዛለህ?» «አዎ።» ከዚያ ስልኩ ወደ እኔ ይመለሳል። ልጁ አባቱን በአካል ካየ ሰባት ዓመት አልፎታል። እናቱን በሕፃንነቱ አጥቷል። «ፕሮሰስ» የሚሉት ነገር እስኪያልቅ ድረስ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ነው ያለው።

የዚያን ቀን ግን አባትየው «ባስ ያዝኩ» አለ። እኔ የተሳፈረ መስሎኝ «በል በሰላም ግባ» አልኩት። ሲስቅ ሲስቅ ቆየና ስልኩን አዙሮ ዓሣ አሳየን። ባስ ማለት እዚያ አገር በየሐይቁ ያለ፣ አረንጓዴ ጀርባ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ሰንበር ያለው፣ አፉ ከጭንቅላቱ የማይተናነስ ዓሣ ነው። ሣርና ቄጤማ ውስጥ አድብቶ ያለፈውን ሁሉ የሚውጥ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር እሱን ሲያጠምድ እንደሚውል ያን ቀን ነው የሰማነው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልጁ ቡናው ከረከቦቱ ላይ እስኪነሣ ዝም ብሎ ቆየና «እማማ፣ ዓሣ ማጥመድ መማር አለብኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«እዚያ ስሄድ ምን እናወራለን?»

ከሠላሳ ዓመት በላይ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ከባድ ጥያቄም ተጠይቄ አውቃለሁ። ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ዘንግ ፍለጋ ወጣሁ።

እውነቱን ልንገራችሁና ዓሣን የማውቀው በሁለት መንገድ ብቻ ነበር። አንዱ በሳህን ላይ ነው። ሌላው ፎገራ ሜዳ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ መንጠቆ ጣታቸው ላይ ተሰክቶ ከሚመጡት ልጆች ነው። ስለ ሪልና ስለ ዘንግ ጭራሽ የማውቀው አልነበረኝም። ያላወቀ ሰው እንደሚያደርገውም አደረግሁ። ኅዳር ላይ እኅቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ስወርድ፣ መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ ገብቼ በላስቲክ የታሸገ «ሙሉ ዕቃ» ገዛሁ። እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳብ ዘንግ፣ የሚያብረቀርቅ ሪል፣ የተጠቀለለ ክርና ቀለማቸው ዓይን የሚያጥበረብር የፕላስቲክ ዓሣዎች። ዋጋው የልጁን የትምህርት ቤት ጫማና ቦርሳ ይገዛ ነበር። ርካሽ ገዛሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ወደ ወረታ ወርደን፣ በባሕር ዳሩ መንገድ ጉማራ ድልድይ ድረስ ሄድን። ጉማራ የእኛው የጉና ልጅ ነው፤ ከተራራው ሥር ተነሥቶ ፎገራን አቋርጦ ጣና ይገባል። ልጁ አራት ጊዜ ወረወረ። በአምስተኛው የሪሉ እጀታ «ክርር» ብሎ በባዶ መዞር ጀመረ። ክሩን በእጁ ሲስበው እንደ ደረቀ ስንደዶ ቀጨም ብሎ ተበጠሰ። የዘንጉ ጫፍም ወደ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ልጁ አላለቀሰም፤ «ምንም አይደል እማማ» አለኝ። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ሪሉን በዊንጭት ፈትቼ አየሁት። ውጭው እንደ ብር ያበራል፤ ውስጡ ያለው ጥርስ ፕላስቲክ ነው፤ እሱም ተላግቷል። ሐኪም ቤት ርካሽ የደም ግፊት መለኪያ ገዝተን ያየነው ጉድ ትዝ አለኝ። ዕቃ የሚበላሸው ማንም በማያየው በኩል ነው።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ጀመርኩ። ባሕር ዳር የሚኖር የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅሁ፤ ልጄን በስልክ ነዘነዝኩት። አሁን ከእናንተ ወላጆችና አያቶች መካከል ለልጁ ዘንግ የሚገዛ ቢኖር፣ የእኔን ገንዘብ በላው ውኃ የእሱንም እንዳይበላ የተማርኩትን ልጻፍ።

ከዘንጉ ብጀምር፣ ገንዘብ የሚቆጠበው እዚህ ላይ ነው። ውድ የሆኑት የካርቦን ዘንጎች ቀላልና ንቁ ናቸው፤ ዓሣ ሲነካካ ወዲያው ለእጅ ይናገራሉ። ነገር ግን ድንጋይ ላይ ከወደቁ ወይም የመኪና በር ከተዘጋባቸው ይሰበራሉ። ፋይበርግላስ ከበድ ይላል፣ እንደ ሸምበቆ ይለመጣል፣ ልጅ ቢረግጠውም ይችላል፤ ደግሞ ይረክሳል። ለጀማሪ ፋይበርግላስ ወይም የሁለቱ ቅልቅል ይበቃል። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ይሁን። እንደ አንቴና ከሚሳበው ይልቅ በመሐል ለሁለት የሚገጣጠመው ይሻላል። እጀታው አጠገብ ስንት ፓውንድ ክርና ስንት ግራም ክብደት እንደሚችል ተጽፏል፤ ለልጅ ከ6 እስከ 12 ፓውንድ የሚለውን ፈልጉ። አንድ የሴት ዘዴ ልጨምር። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በተባዘተ ጥጥ ውስጣቸውን አብሱ። ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ ቀለበት ደግሞ ክር ሲያርድ ይውላል። ሻጩ ቢስቅባችሁም አብሱ።

ሪሉ ላይ ግን አትሠሡ። ብዙ ዓይነት አለ። ልጄ እዚያ የሚጠቀምበት ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠውና በአውራ ጣት የሚገታው ዓይነት ነው፤ እሱ ለጀማሪ አይሆንም፤ አንድ ጊዜ ከሳቱ ክሩ የወፍ ጎጆ ይሆናል። ለልጅ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ይሻላል፤ መጠኑ 2000 ወይም 2500 የሚል። ካርቶኑ ላይ «ይህን ያህል ኩሽኔታ አለው» የሚለው ቁጥር አያታልላችሁ፤ አሥር መጥፎ ኩሽኔታ ከሦስት ደኅና አይበልጥም። እጀታውን ስታዞሩት ሳይንገጫገጭ ይዙር። ክሩ የሚጠቀለልበት ቀሰም ብረት ይሁን። ከሁሉ በላይ ፍሬኑን ፈትኑ። ፍሬን የምለው፣ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ ቀስ እያለ የሚለቀውን ክፍል ነው። ክሩን በእጃችሁ ስትስቡት እንደ ቅቤ መንሸራተት አለበት። እየያዘ እየለቀቀ የሚሄድ ከሆነ መልሱት።

አሁን ክሩ። እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ ይህ የእኔ ግዛት ነው።

ባልደረባዬ «ናይለን፣ ባለ አንድ ዘሩን ግዢ፤ 8 ፓውንድ» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቆዳ ስሰፋበት የኖርኩት ናይለን ነዋ! ለቁስል የምንጠቀምበት ጥቁርና ሰማያዊ ክርና የዓሣው ክር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ጠባያቸውም አንድ ነው። ባለ አንድ ዘር ናይለን የተጠቀለለበትን ቅርጽ አይረሳም፤ ከፓኬቱ ሲወጣ እንደ ምንጭር ይጠቀለላል። ቋጠሮውም ይንሸራተታል። ስለዚህ ተማሪ ነርሶችን «ሐር ቢሆን ይህ ይበቃ ነበር፤ ናይለን ነውና አንድ ጨምሩ» እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ።

8 ፓውንድ ማለት ወደ ሦስት ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ጉተታ የሚችል ማለት ነው፤ ፍሬኑ በትክክል ከተስተካከለ ከዚያ ብዙ የሚከብድ ዓሣ ያወጣል። ናይለን መለጠጥ ይችላል፤ መለጠጡ ልጅ ሲደነግጥና ዘንጉን በኃይል ሲመነጭቅ ይቅር ባይ ያደርገዋል። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ክር ቀጭንና እጅግ ጠንካራ ነው፤ ግን ውድ ነው፤ አይለጠጥም፤ ጣት ላይ ተጠቅልሎ ከተሳበ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ለልጅ አልገዛውም። ፍሎሮካርቦን የሚሉት ደግሞ ውኃ ውስጥ ብዙም አይታይም ይባላል። ጉማራ እንደሆነ ክሩን ቀርቶ በሬውንም አያሳይም፤ ገንዘባችሁን ያዙ።

ናይለንን የሚገድለው ፀሐይ ነው። የመጀመሪያው ክራችን ቀጨም ብሎ የተበጠሰው፣ ሱቁ መስተዋት ውስጥ ለፀሐይ ተሰጥቶ የከረመ ስለነበረ ይመስለኛል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ክንድ ያህል ሳቡና በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ፤ ከሻከረ ወይም ከነጣ ተዉት። ቤት ከገባ በኋላ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ፤ ከዕቃው ሁሉ ርካሹ እሱ ነውና። ቀሰሙን ስትሞሉ ጠርዙ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው አቁሙ። ጥጥ የፈተለች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ ከሞላ ይፈስሳል፣ ከጎደለ አይለቅም።

ቋጠሮውን ልጁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ክሩ በመንጠቆው ዓይን ያልፋል፤ በራሱ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይጠመዘዛል፤ ጫፉ በዓይኑ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ይመለሳል፤ ከዚያ በተፈጠረው ትልቅ ቀለበት ያልፋል። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ወይም በውኃ ይርጠብ። በደረቁ ከተሳበ ክሩ ሲፋተግ ይሞቅና ይደክማል። አጥማጆቹ ራሳቸው የሚጠቀሙበት «የቀዶ ሐኪም ቋጠሮ» የሚባል እንዳለ ልጄ ሲነግረኝ ኩራት ተሰማኝ። ልጁ ለአንድ ሳምንት የቤቱን ሁሉ ዕቃ ቋጠረው፤ የሙዳዩ ክዳን እስከ ዛሬ አልተፈታም።

የዚያ ሳምንት ስልክ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ክርክሩ የቋጠሮው ጥምዝ አምስት ይሁን ሰባት የሚል ነበር። እኔን «ደኅና ነሽ?» ያለኝ አልነበረም።

ለጥምቀት ከመጣ ዘመድ እጅ አባቱ ትንሽ ጥቅል ላከ። በውስጧ ደኅና ሪልና አራት ፓኬት የላስቲክ ትል ነበር። ዘንጉን እኛው ነን የገዛነው፣ ፋይበርግላሱን። የላስቲክ ትሉ ታሪክ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒክ ክሪም የሚባል አሜሪካዊ ኦሃዮ ውስጥ አክረን ከተማ ከሚስቱ ጋር በገዛ ማድ ቤታቸው ቀልጦ የሚፈስስ ለስላሳ ፕላስቲክ በትል ቅርጽ ሠሩ። ዛሬ ባስ ለማጥመድ ከእሱ የሚበልጥ የለም ይላሉ። ጠንካራው የፕላስቲክ ዓሣ ብዙ መንጠቆ ስላለው ይወደዳል፤ ድንጋይ ሥር ሲቀር ያስለቅሳል። ለስላሳው ይረክሳል፤ መንጠቆው ገላው ውስጥ ስለሚደበቅ ቄጤማ አይዘውም።

ልጄ ገና ሲልክ «ሁለት ቅርጽ፣ ሁለት ቀለም ይበቃችኋል፤ የቀረው ሱቅ የገባውን አጥማጅ እንጂ ዓሣውን አይዝም» ብሏል። አንዱ ጣት የሚያህል፣ ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ የሚወዛወዝ ትንሽ ዓሣ፤ ሌላው ቀጥ ያለ ትል። ለጠራ ውኃ አረንጓዴ ወይም ቡናማ፣ ለደፈረሰ ጥቁር። እኛ ዘንድ ከእርሻው አፈር የማይወርድበት ወንዝ ስለሌለ ጥቁሩ ነው የሚያልቀው። ጭንቅላቱ ሲቀደድ ቆርጦ ማሳጠር ነው፤ አንዱ ሦስት ጊዜ ያገለግላል። የተቀደደውን ግን ውኃ ውስጥ አትጣሉ፤ አይበሰብስም፣ የዋጠው ዓሣ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ሌላ የእናት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እነዚህን ትሎች ከራሳቸው ፓኬት አታውጧቸው። እኔ ለንጽሕና ብዬ በከረሜላ ዕቃ ብገለብጣቸው፣ በሳምንቱ ትሉና ዕቃው እንደ ማስቲካ ተጣብቀው ተገኙ። የሚያለሰልሳቸው ኬሚካል ሌላውንም ፕላስቲክ ያቀልጣል። ይህን የሚያደርግ ነገር ልጅ በጥርሱ ሊይዘው አይገባም፤ በሶ ከመጨበጡ በፊትም እጁን ይታጠብ።

በክብደቱ ጉዳይ ተጣላን። ልጁ የተጣለ የመኪና ባትሪ አግኝቶ እርሳሱን አቅልጦ ክብደት ሊሠራ ተነሣ። ስከለክለው «ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አቅልጠው ሠርተውት የለም ወይ?» አለኝ። የደብረ ታቦር ልጅ ለክርክር አይቸገርም! ጋፋትማ ቅርባችን ናት። እርሳስ ግን የልጅ አእምሮ ጠላት ነው። ጭሱ ይመርዛል፤ ዱቄቱ ልብስ ላይ ሆኖ ቤት ይገባል፤ ብዙ አጥማጆች እንደሚያደርጉት ትንሿን እርሳስ በጥርስ ነክሶ ክር ላይ ማጣበቅም ያው ነው። ጋራዥ ሄጄ አንድ እፍኝ አሮጌ ዳዶ ለመንኩ። መሐሉ ቀድሞ የተበሳ፣ ሦስት አራት ግራምም ዐሥር ግራምም የሚመዝን ይገኛል። ዋጋው ምስጋና ነው።

መንጠቆውን ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ወደ ኋላ የሚመለሰውን እሾኽ በፒንሳ ጨፍልቁት። ዓሣው ክሩ እስካልላላ ድረስ አያመልጥም፤ ከልጅ ጣት ግን እንደ መርፌ ይወጣል። እሾኻሙ ከተሰካ ወደ ኋላ አትሳቡት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ጠይቁ። በጣና ዙሪያ ብልሃርዝያ አለና ዝግ ባለ ውኃ ውስጥ በባዶ እግር መቆም የለም፤ ከዳር ሆኖ መወርወር ነው።

ከጥምቀት በኋላ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ እንደገና ጉማራ ወረድን። ውኃው ጎድሎ ጠጠሩ ይታያል። የአካባቢው አጥማጅ መጥቶ ጥቁሩን ትል በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየና «ሲስተር፣ ይህን ላስቲክ ይበላልኛል ብለው ነው?» አለኝ። እሱ ከእርጥብ አፈር የቆፈረውን ትል ሰክቶ በአንድ ሰዓት ሁለት አምባዛ አወጣ። እኛ ምንም። እውነቱ ይህ ነው። ከሦስት ቀን ሁለቱን ቀን የአፈሩ ትል ያሸንፋል፤ እሱ ደግሞ በነጻ ነው። አምባዛ በሽታ ይመጣል፤ ሽታ ደግሞ ላስቲክ የለውም።

ግን ነጭ ዓሣ አለ። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ፣ ከነሱም ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ መሆናቸውን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ልክ እንደ ባስ አዳኞች ናቸው። አፋቸው ግን ጥርስ የለውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ሌሎቹም ቢሆኑ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር አይንቁም። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ልጁ ባለ መቅዘፊያውን ከድንጋዩ ጥላ አጠገብ ጣለና ቀስ ብሎ ሲጠቀልል ዘንጉ ጎበጠ። ፍሬኑ «ዝዝዝ» አለ። ያን ድምፅ ሪሉን ስፈትን በእጄ ሰምቼው ነበር፤ በዓሣ ሲሰማ ሌላ ነው። አጥማጁ «አትመንጭቅ! አትመንጭቅ!» ይላል። የወጣው ከአንድ ስንዝር ተኩል አይበልጥም። ልጁ አፉን ከፍቶ «እውነትም ጥርስ የለውም» አለና አርጥቦ በያዘው እጁ መልሶ ለቀቀው። አጥማጁ አዘነ፤ እኔም ለራት ትንሽ አዝኜ ነበር።

ያው ሰው ሲሸኘን አንድ ነገር ነገረን። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ጠጠር ላይ ሊጥል ከጣና ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሽቅብ ይወጣል። ያኔ በአፋፉ መረብ የዘረጋ፣ ወይም ብርብራ ወቅጦ ውኃው ላይ የበተነ እናቲቱንም ልጆቹንም ይጨርሳል። «አባቶቻችን በጋን ነበር የሚጠብቁ» አለ። ተመራማሪዎችም የነጭ ዓሣው ብዛት በእጅጉ እንደቀነሰ መዝግበዋል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዘንጋችን ወንዝ አይወርድም። ልጁ ይህን ለአባቱ ሲነግረው አባትየው እዚያም የያዙትን ባስ ማስቀረት የተከለከለበት ወቅት እንዳለ ነገረው። ሌላ አንድ ሰዓት።

ዘንሮ ቡሄ ዕለት የሰፈሩ ልጆች ሜዳው ላይ ጅራፋቸውን ሲያጮሁ፣ የእኔው ዘንጉን ይዞ ወጣ። መንጠቆ የለውም፤ ጫፉ ላይ ያለችው ዳዶ ናት። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ሃያ እርምጃ ርቆ አስቀመጠና ስልኩን እኔ እንድይዝለት ሰጠኝ። እዚያ ገና ጠዋት ነው፤ አባቱ ፊቱን እንኳ አልታጠበም።

«ከእጅ አንጓህ ወርውር እንጂ ከትከሻህ አይደለም» ይላል ስልኩ። አንደኛው ሳፋውን አለፈ። ሁለተኛው የጎረቤቴን አጥር መታ። ጅራፍ የያዙት ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ከበቡን። ሰባተኛው ጠርዙን ነክቶ ተመለሰ። በስምንተኛው ዳዶዋ ሳፋው መሐል «ቋ!» አለች፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ከልጁ በላይ ጮኸ።